ሳይን ዘጠና

ባለፈው ሳምንት ፈተና ሳርም አንድ ተማሪ የዛፍን ቁመት ከዜሮ በታች አድርጎ አገኘሁት። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና ካልኩሌተሩን ይዞ እንዲመጣ ላክሁበት። ድሮ ቢሆን የምመረምረው ልጁን ነበር።

ድሮ የምለው ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ማስተማር የጀመርኩበትን ዓመት ነው። በጋ ነበር። ከጎልቦ ቆላ የሚመጡት ሎሪዎች የሚያስነሱት ቀይ አቧራ በየዴስኩ ይተኛል፤ ተማሪዎቹ በጣታቸው ሦስት ማዕዘን ይሥሉበታል። እኔ ደግሞ ሁሉም ነገር በመስመሩ እንዲሄድ የምወድ፣ ሁሉንም የምጠረጥር ወጣት ነበርኩ።

የትሪጎኖሜትሪ ፈተና ዕለት ካልኩሌተሮቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው ጡሜ፣ በካልኩሌተሯ ክዳን ውስጥ በመርፌ የተጫረ ምልክት ነበራት፤ ክብ፣ በመሃሉ አግድም መስመር። ቴታ! ያልታወቀን ማዕዘን የምንጠራበት የግሪክ ፊደል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የግመሎቻችን ምልክት ነው፣ ምዋሊሙ» አለች፤ መምህሩን በስዋሂሊ እንዲህ ነው የሚጠሩት። «እንዳይሰርቁኝ ብዬ ነው።»

አላመንኳትም። የእሷን ወሰድኩና የራሴን ሰጠኋት። ብዙም ሳይቆይ እጇን አወጣች።

«ምዋሊሙ፣ ይሄ ማሽን…»

«ዝም ብለሽ ሥሪ።»

ጥያቄው ቀላል ነበር። ከአንድ ምሰሶ ሃያ ሜትር ርቀህ ጫፉን በሠላሳ ዲግሪ ብታይ፣ ቁመቱ ስንት ነው? አሥራ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ። ጡሜ የጻፈችው ከዜሮ በታች መቶ ሃያ ስምንት። ሌላውም ሁሉ ስህተት። ክዳኗን ስታጣ እውቀቷም ጠፋ ብዬ ለዳይሬክተሩ ጻፍኩ። ወላጅ እንድታመጣ ታዘዘች፤ የብሔራዊ ፈተና ምዝገባ የሚዘጋው በዚያው ሳምንት ነበር። ነገሩ ካልጠራ ስሟ አይገባም።

አባቷ ከጎልቦ በሞተር መጡ፤ ቅንድባቸው ሳይቀር አቧራ ለብሷል። አማርኛቸው የግመል ገበያ አማርኛ ነው።

«ልጄን ሌባ ያልክ አንተ ነህ?»

«ኮረጀች ነው ያልኩት፣ አባቴ።»

«ለእኔ አንድ ነው። እኔ ግመሌን ሰረቁኝ ስል ዱካ አሳያለሁ። አንተም አሳየኝ። እዚሁ ትሥራ።»

ጡሜ በራሷ ካልኩሌተር ሠራች፤ አሥራ አንድ ተኩል። በእኔው ሠራች፤ ከዜሮ በታች መቶ ሃያ ስምንት።

«እንግዲህ» አሉ አባቷ፣ «ሌባው የማን ቤት ነው ያደረው?»

ማሽኑን ተቀብዬ አየሁ። በስክሪኑ አናት ላይ ትንሽዬ R አለች። ማዕዘን በሁለት መንገድ ይለካል። በዲግሪ ሙሉ ክብ ሦስት መቶ ስልሳ ነው፤ በራዲያን ግን የሚለካው በክቡ በራሱ ሬዲየስ ስለሆነ ከስድስት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ኮሌጅ እያለሁ በራዲያን ስሠራ ቆይቼ አልመለስኩትም። ማሽኑ ሠላሳውን ራዲያን ብሎ አምስት ዙር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ዞሯል።

ጆሮዬ ጋለ። R ን ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እንደገና ትፈተን ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ነገርኳቸው።

«እሷ አልነገረችህም ነበር?»

«ልትነግረኝ ነበር። ዝም አሰኘኋት።»

«የፊተኛውን ደብዳቤ በእሷ ላይ ጻፍክ። አሁን በራስህ ላይ ጻፍ።»

ጻፍኩ። ስሟ ተመዘገበ። ሻይና የቻፓቲ ቂጣ ጋበዝኳቸው፤ ሻዩን ጠጡ፣ ቻፓቲውን ለጡሜ አቀበሏት።

ጡሜ ነገሩን አንስታው አታውቅም። ግን ከዚያ በኋላ በየፈተናው፣ እኔ ሳልፈትሻት፣ ሳይን ዘጠናን ትጫንና ስክሪኑን ወደ እኔ ታዞራለች። በዲግሪ ከሆነ መልሱ ድፍን አንድ ነው። አንገቴን እስክነቀንቅላት አትቀመጥም።

የባለፈው ሳምንቱ ልጅ ካልኩሌተሩን ይዞ መጣ። ሳይን ዘጠናን ተጫን አልኩት። አንድ አለ። ማሽኑ ደህና ነው። የድሮው ጥርጣሬ ብቅ ሲል ተሰማኝ።

ወንበር ሳብኩለት። «በል» አልኩት፣ «እንዴት እንደሠራኸው ንገረኝ።»