እናቴ የተሸከመችው ድንጋይ

ምራቴ ዛሬ ከገበያ ባመጣችው አዲስ እንስራ ውሃ ብትሞላበት፣ የሸክላው ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ልጅነቴ ትዝ አለኝ። አንኮበር፣ ከንጉሡ ግቢ በታች፣ ጎረቤታችን እትዬ ድንቄ ሸክላ ትሠራ ነበር።

አንድ ቀን የሰፈሩ ሹም ልጅ ታመመ። ሹሙም «ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ናት፤ ልጄን በላችብኝ! ከአገር ትውጣ!» አለ። እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ይዛ ልትለምነው ተነሣች። በአገራችን ምሕረት የሚለምን ሰው ድንጋይ በአንገቱ ይሸከማል፤ የሚምረው ሰው ደግሞ ድንጋዩን በእጁ ያወርድለታል።

እኔም ተከተልኳቸው፤ ወደ ሹሙ ቤት በሚወስደው አቀበት መሐል ሸክማቸውን አውርደው ሲያርፉ፣ የእናቴ አንገት ተልጦ አየሁ። አንጀቴ አልችል አለ። ድንጋይዋን ሰው ሳያየኝ ወደ ገደሉ አንከባልዬ፣ በቦታው ሲያዩት ብቻ ከባድ የሚመስል፣ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ አኖርኩላት። ስታነሣው አወቀች። ዞር ብላም አየችኝ። ሌሎቹ ግን ቀድመው ነበርና እሱኑ ተሸከመችው።

ሹሙ በተንበረከኩት ፊት ብዙ ቆመ። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ የእናቴን ድንጋይ ያዘ። እንዳነሣው ፊቱ ጠቆረ።

«ልጄ እየሞተ ታሾፉብኛላችሁ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጌታዬ» አለች እናቴ።

ድንጋዩን ወርውሮ በሩን ዘጋ። እትዬ ድንቄ በማግስቱ ገና በእሳት ያልተተኮሰ እንስራዋን ደጃችን ትታ ወደ ቆላ ወረደች።

የዚያን ዕለት ማታ እናቴ አንገቷን ቅቤ እየቀባሁላት «ያየሽው እኔን ብቻ ነው፣ ልጄ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ምስጋና መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።