እናቱ «ምራቴ» የምትላት መኪና

«ዳገቱን ውጣ ሲል ልቤ እየመከረኝ...» ይልና ያቆማል። ቀጣዩ ስንኝ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ይመለስበታል። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ይህችን ግማሽ ዘፈን መሪውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ ያንጎራጉራታል፤ ከገበያው ሆስፒታል፣ ከሆስፒታሉ ገበያ። አውቶቡሱ ዞሮ ዞሮ ከተነሳበት ይገባል፤ ዘፈኑም እንደዚያው።

ያልተዞረ መንገድ የነበረው ግቢው ውስጥ ነው፣ በሸራ ተሸፍኖ። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ መሬት ልትስም ምንም ያልቀራት የስፖርት መኪና። ቀለሟን ራሱ ቀባ፤ ሞተሯን ከጓደኛው ከመካኒኩ ጋር ፈታተው ጉልበት ጨመሩላት። ወገቧን የምትታመመው እናቱ፣ ልጇ ሳያገባ ጎልምሶ ይህችን ብረት ሲያባብል እያየች፣ «ምራቴ ደህና አደረች? ምራቴ ጠጣች?» እያለች ትስቅበታለች። እህቱ ሌላ ከተማ አግብታ ሄዳለች፤ እናትየው አውቶቡስ ላይ መንገላታት አትችልም። ስለዚህ ወደ ሕክምና የምታመላልሳት ያችው ምራት ናት።

የሞተሩ ጉልበት ሲጨምር ወደ ጎማው የሚያስተላልፈው የድሮው ፍሪሲዮን አልቻለውም። ነዳጅ ሲሰጣት ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ግን አይሰማም፤ ጉልበቱ መሃል ላይ እየተንሸራተተ ይቀራል። መካኒኩ፣ ሰፈሩ «ጭሱ» የሚለው፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፍሪሲዮን አስቀመጠለት። አንደኛው እንደ ፋብሪካው ሸራ የለበሰ ነው፣ ሞላው ብቻ ጠንከር ይላል። ሌላው በሸራ ፈንታ የብረት ቁራጮች ተደርድረውበታል።

«ባለ ብረቱ ከነከሰ ነከሰ ነው፤ አይለቅም» አለ ጭሱ። «እሁድ የዳገቱን ውድድር የምትወጣ ከሆነ ሌላ ምርጫ የለህም። ባለ ሸራው ይሄን ሁሉ ጉልበት አይችልም። እሱን ካልክ ሞተሩን መልሰን እናለዝባለን፤ ውድድሩን ትረሳና ጎረቤት ሰላም እያልክ ትነዳለህ።»

«ባለ ብረቱ ከተማ ውስጥስ እንዴት ነው?»

«ይዘላል ይላሉ። ሞክረው፣ እግርህ ይፍረድ።»

እግሩ ፈረደ። ጥፋቱም እዚህ ላይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ ፔዳል የረገጠ ግራ እግር፣ ጠንካራ የሚባል ነገር ምን እንደሆነ ከረሳ ቆይቷል። ባለ ብረቱን አስገጥሞ ማለዳ ባዶው አስፋልት ላይ አንዴ ተነሳ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስቆመው አልነበረም። «ቅቤ ነው!» አለ። ልቡ ዳገቱ ጫፍ ላይ ወጥታ ቁጭ አለች።

ረቡዕ እናቱን አሳፍሮ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ አቀበቱ ላይ መኪና ተጨናንቆ ቆሟል። ፊት ለፊቱ መኪና፣ ከኋላው መኪና፣ በጎኑ የግንብ አጥር። የፊተኛው ትንሽ ፈቀቅ ሲል ፔዳሉን ቀስ ብሎ ለቀቀ። መኪናዋ ዘላ ቆመች። ደግሞ ፈቀቅ፤ ደግሞ ዝላይ። እንዳይዘል ብሎ ፔዳሉን አጋማሽ ላይ ቢይዘው የሚቃጠል ብረት ሸተተው። ሌላው ሹፌር ደስ የሚለው ክፍት ቦታ ሲያገኝ ነው፤ እሱ ግን ፊቱ ክፍት ቦታ ባየ ቁጥር መሪውን አጥብቆ ይይዝ ጀመር።

«አንተ! መንጃ ፈቃዱ በዕጣ ነው የደረሰህ?» አለው ከኋላ አንዱ ጥሩምባውን እያንባረቀ።

«እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ኧረ ምን ያመኛል! ምራቴ ዛሬ ግልምጫ አብዝታለች እንጂ» ብላ ሳቀች። ሳቁ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ። ዘወር ብሎ ሲያያት የበሩን መያዣ ጨምድዳ ይዛለች፤ የታችኛ ከንፈሯን ነክሳለች። ወርዶ አይሸከማት፣ ዞሮ አይመለስ። እጅ እግሩን የታሰረ ያህል መሪው ላይ ድርቅ አለ።

ከሆስፒታሉ ሲመለስ ጋራዡ በር ላይ አቆማት።

«አውጣው።»

«ምኑን?» አለ ጭሱ። «እሁድ እኮ ነው ውድድሩ! ከእሁድ በኋላ እንቀይረዋለን።»

«ሐኪሙ ቅዳሜ ቀጥሯታል።»

«ቅዳሜን ታክሲ አትይዝላትም? ለአንድ ቀን?»

«እይዝላት ነበር። እሁድ ዳገቱን ከወጣሁባት ግን ከዚያ በኋላ አላወጣውም። ራሴን አውቀዋለሁ።»

ጭሱ መፍቻውን አነሳ። «በል ክሪኩን ሳብ» አለ።

መኪናዋ ሥር በጀርባው ተኝቶ ከጭሱ ጋር የማርሹን ካምቢዮ ሲያወርድ፣ ከደረቱ በላይ ያለው ብረት ከበፊቱ ዝቅ ያለ መሰለው። ባለ ሸራውን ገጠሙ፤ ሞተሩን አለዘቡ። ቅዳሜ አቀበቱ ላይ ያ መጨናነቅ እንዳለ ነበር፤ እናቱ አንገቷን ወደ መስኮቱ ጣል አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እያያት ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ለእሷ ይሁን ለራሱ አላወቀውም።

እሁድ ቀትር ላይ የሞተሮቹ ድምፅ ከዳገቱ ወርዶ ሰፈሩ ድረስ ተሰማ። የግቢውን በር ይዞ ቆመ።

«ና ብላ እንጂ! ሾርባው በረደ» አለች እናቱ ከውስጥ። «ምራቴ እንደሆነች አትኮበልልም።»

እሱም ሳያስበው «ዳገቱን ውጣ ሲል ልቤ እየመከረኝ» አለና እንደ ልማዱ ቆመ።

«ያንቺ ዓይን ነው ይዞ ከመንገድ ያስቀረኝ» አለች እናቱ ዳቦ እየቆረሰች፣ እንደ ዋዛ።

ዞር አለ። «እንደዚያ ነው እንዴ የሚለው?»

«አዎና። ሰውየው ሰነፍ ነበር፤ በሴትየዋ ያሳብባል።»

ሊስቅ የፈለገ ይመስል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ገብቶ እጁን ታጠበ፤ ከጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ አልለቅ አለው። አንድ ሞተር ከሩቅ ጮኾ ዳገቱን ጨረሰ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ግራ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር የሌለ ፔዳል ረግጦ ይዟል። ቀስ ብሎ ለቀቀና ማንኪያውን አነሳ።