ጥርሷን ለጭልፊት የሰጠች ልጅ

ሊይዙኝ የመጡት ወጣት ፖሊሶች ጫማዬን እስካጠልቅ ታገሡኝ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። አንደኛው እንዲያውም «እማማ፣ ብርድ ስለሆነ ጋቢዎን ይያዙ» አለኝ። ያዝኩ። ምን ያህል እንደሚያስፈልገኝ ያኔ አላወቅኩም።

እግሬ ቤት አይወድም። ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ ወዲህ ከቤቴል አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ደግሞ ወደ ታች ስዞር ነው የምውለው። የታመመ እጠይቃለሁ፣ አራስ አያለሁ፣ ለቅሶ እደርሳለሁ። የአንዱን ሰላምታ ለሌላው አደርሳለሁ። ከምገባባቸው ቤቶች የአንዱ ልጅ ለካ ይፈለግ ነበር። ለእኔ ወንበር አቅርቦ ምሳዬን ያበላኝ ልጅ ነው፤ ሌላ ነገሩን አላውቅም። መርማሪው እስክሪብቶውን እያሽከረከረ፣

«ለማን ነው የሚላላኩት?» አለኝ።

«ለታመመ» አልኩት።

«እማማ፣ አይቀልዱ።»

አልቀለድኩም ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል በፊት የዕቃ መጋዘን የነበረ ይመስለኛል፤ ግድግዳው ላይ የመደርደሪያው ምስማር ቀርቷል። የሽንት ባልዲና የእርጥብ ፍራሽ ይሸታል። ንፋሱ ከቆሼ፣ ከቆሻሻ መጣያው በኩል የመጣ ቀን ያኛውም ሽታ ይጨመራል። መስኮቱ አንድ ነው፣ ከጣሪያው ሥር፣ ሽቦ የተወጠረበት። በእሱ የሚታየው ትንሽ ሰማይና ከአጥሩ ማዶ ያለ ተጀምሮ ያላለቀ ፎቅ ነው። ሴቶቹ እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ሰጡኝ። ከመሀላቸው ሁለት ሕፃናት ነበሩ፤ ገና አፉን በደንብ ያልፈታ ወንድ ልጅ፣ ከእሱ ከፍ የምትል ደግሞ ሴት ልጅ።

የልጅቷ እናት ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት ነበረች። ቤቴል ትንሽ የልብስ ሱቅ ነበራት። ባሏን ሊይዙ መጥተው ሲያጡት እሷን ከነልጇ አመጧት። ቤተሰቦቿ ሩቅ አገር ናቸው፤ መታሰሯን የሰማ ሰው እንኳ ያለ አይመስላትም ነበር። ልጇ ስድስት ልትደፍን ምንም አልቀራትም፤ እሷ ግን «አራት ዓመቷ ነው» ብላ አስመዝግባታለች። እዚያ ጊቢ ትልቅ ልጅ ከእናቱ ጋር አይቆይም፣ ማሳደጊያ ይወሰዳል። ትልቅና ትንሹን የሚለዩት ደግሞ በጥርስ ነው። ከእኔ በፊት አንድ ልጅ የፊት ጥርሱ በወለቀ ማግስት መወሰዱን ሴቶቹ ነገሩኝ። በተወለድኩበት አገርም የወይፈን ዕድሜ የሚታየው አፉን ከፍቶ ነው።

የልጅቷ የታች ጥርስ መነቃነቅ ጀምሮ ነበር።

እናቷ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እያራሰች ታበላታለች። «በምላስሽ አትንኪው፣ የኔ እናት» ትላታለች። ልጅ ደግሞ አትንኪ ያሏትን ካልነካች ምኑን ልጅ ሆነች? ቀኑን ሙሉ ምላሷ እዚያ ነው። ሌላ ነገር እንድታስብ ብዬ ነው ወሬ የጀመርኩት። መስኮቱን አሳየኋት።

«ፎቁ ላይ፣ ጠርዙ ላይ የተቀመጠችውን ታያታለሽ?»

«ጭልፊት!» ብላ ጮኸች። ትንሹ ልጅም ጮኾ እናቱ ጋቢ ውስጥ ገባ። ጭልፊት ሲባል ጫጩት ሌባ ብለው ነው የሚያውቁት።

«ጫጩት የሚሰርቀው ቆሼ ላይ የሚዞረው ጭላት ነው» አልኳቸው። «ጅራቱ መሀሉን የተቀደደ። ይህቺ ሌላ ናት። የሞተ አትነካም፣ ቆሻሻ አትነካም። እርግብ ሲበር አይታ ክንፏን ትሰበስብና እንደ ድንጋይ ትወርድበታለች፤ አየር ላይ ነው የምትይዘው።»

«ካመለጣትስ?»

«ጾሟን ታድራለች።»

«እንደኛ» አለች ልጅቷ፤ ሴቶቹ ሳቁ። ስንቅ ያልገባበት ቀን ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ከቆጠራ በፊት ትምህርት ሆነ። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም፤ ልጅቷ ግን ኬጂ ስለነበረች «ቲቸር» አለችኝ፣ ስሜ ሆኖ ቀረ። እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ሽንቴን ልሽና?» ትለኛለች። ባልዲው እኮ ከጎኗ ነው።

የማውቀውን ነገርኳቸው። ልጅ ሆኜ ጊቤ ማዶ፣ ክንፏ የተሰበረ ጭልፊት እንሰታችን ውስጥ ወድቃ አባቴ እስክትሞት ድረስ ቅርጫት ሥር አኑሯት ነበር፤ ከቅርብ አይቻታለሁ። ከዓይኗ ሥር ኩል እንደፈሰሰባት ሴት ጥቁር መስመር ይወርዳል። ከላይኛው መንቁሯ ጠርዝ አንዲት እንደ ጥርስ የሾለች ነገር አለቻት። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች። ጎጆ አትሠራም፤ ገደል ካገኘች ገደል፣ ካጣች ፎቅ ላይ፣ ባዶ ሲሚንቶው ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። እሷ ልጆቿን ስታቅፍ ወንዱ እያደነ ያመጣል።

«የእነሱ አባት ይመጣል?» አለች ልጅቷ።

«ይመጣል።»

እናቷን ዞራ አየቻት። ከዚያ በኋላ ስለ አባት ጭልፊት ብዙ አላወራሁም።

ጫጩቶቹ ድምፅ ስለማጥፋታቸው ግን ደጋግሜ አስተማርኩ። ሰው ወደ ገደሉ ሲጠጋ እናቲቱ ትጮኻለች፤ ጫጩቶቹ ይተኛሉ፣ አፋቸውን ይዘጋሉ፣ ድንጋይ ይመስላሉ። የበሩ ቁልፍ ሲንኳኳ እኔ በቀስታ «ድንጋይ!» እላለሁ። ልጅቷ ከንፈሯን ግጥም ታደርጋለች። ትንሹ ልጅ ከንፈሩን ዘግቶ ዓይኑንም ይጨምራል። እናቷ ነገሩ ገብቷት በዓይኗ አመሰገነችኝ።

አንድ ቀን ልጅቷ ጠየቀችኝ። «ቲቸር፣ ጫጩቷ ስታድግ ከእናቷ ጋር ትኖራለች?»

«አትኖርም።»

«የት ትሄዳለች?»

«ሌላ ፎቅ ትፈልጋለች።»

እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልዋሸሁም፤ ወፎቹ የሚያደርጉት ያንን ነው።

ጥርሱ የወለቀው ዳቦ ውስጥ ነው። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ሠርግ የተጠራች ይመስል ፊቷ በራ። ጥርስ ሲወልቅ ጣሪያ ላይ ይወረወራል፤ ቁራ አሮጌውን ወስዶ አዲስ እንዲሰጥ ይለመናል። ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። የእኛ ጣሪያ ግን ከላያችን ነው። «ከውጪ ነው እንጂ ከውስጥ አይወረወርም!» ብላ ልታለቅስ ስትል፣ «ቁራው ይቅር፣ ለጭልፊቷ እንሰጣለን» አልኳት። «እሷ ያለቻት አንዲት ጥርስ ናት፤ ደስ ይላታል።» ጥርሱን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት። ከቆጠራ በኋላ ልንወረውር ተስማማን።

ለቆጠራ የመጣችው ሴት ፖሊስ ክፉ አልነበረችም። ለልጆቹ አንዳንዴ ካራሜላ ትሰጣለች። «ድንጋይ!» አልኩ። ልጅቷ ድንጋይ ሆነች። ሴትዮዋ ቆጥራን ወደ በሩ ዞረች። ትንሹ ልጅ ያን ቀን ደስታው በዝቶበት ነበር መሰለኝ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ ጮኸ፤

«ጥርሷን ጭልፊት ልትወስደው ነው!»

እናቱ አፉን ያዘች። ሴትዮዋ ቆመች፣ ተመለሰች፣ ልጅቷ ፊት ቁጢጥ አለች።

«እስቲ አፍሽን ክፈቺልኝ፣ የኔ ቆንጆ።»

ድንጋይ።

ካራሜላ አውጥታ ልጣ አሳየቻት። የልጅቷ ጉሮሮ ሲውጥ አይቻለሁ፤ ከንፈሯ ግን አልተከፈተም። ካራሜላ ከቀመሰች ቆይታለች። ሴትዮዋ ወደ እኛ ቀና ብላ «ኃላፊው ቢደርሱበት የምጠየቀው እኔ ነኝ። እኔም ልጆች አሉኝ» አለች። ከዚያ የልጅቷን አገጭ ያዘችና አውራ ጣቷን ወደ ከንፈሯ አመጣች።

እናቷ ተነሣች። ስትነሣ ያን ያህል ረጅም መሆኗን ያኔ ነው ያየሁት።

«እጅሽን ከላይዋ አንሺ» አለቻት። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ልጄ ናት፣ ከብት አይደለችም። እኔ አሳይሻለሁ።» ጎንበስ አለች። «ክፈቺ የኔ እናት። ጎበዝ ነሽ፣ ጎበዝ ጭልፊት ነሽ። ይበቃል።»

ልጅቷ እናቷን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። አፏን ከፈተች።

ሴትዮዋ አየችና ካራሜላውን እጇ ላይ ትታላት ወጣች። ከምሳ በኋላ መኪና እንደሚመጣ የነገረችን በር ላይ ቆማ ነው፣ ጀርባዋን ሰጥታን።

እናቷ የሌሎቹን የመጠጥ ውኃ ለምና ልጇን አጠበቻት። ጸጉሯን ፈትታ እንደገና ሠራችው። ሙሉ ስሟን፣ የእናቷን፣ የአባቷን፣ የአያቷን ስም እስከ አያቷ አገር ደጋግማ አስጠናቻት። ልጅቷ እንደ ፊደል ትቆጥረዋለች። መሀል ላይ ቆም አለችና፣

«ቲቸር፣ ጥርሴስ?» አለችኝ።

ቋጠሮውን ፈታሁ። እናቷ ትከሻዋ ላይ አወጣቻት። የመጀመሪያው ውርወራ ሽቦውን መትቶ ተመለሰ፤ ባልዲው አጠገብ ስንፈልግ ሁላችንም ተንበረከክን። ሁለተኛው አልተመለሰም። ውጪ ይውደቅ፣ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ይቅር፣ አላየንም።

«ወሰደችው?»

ቀና ብዬ አየሁ። ፎቁ ላይ ማንም አልነበረም። «ለአደን ወጥታለች» አልኳት። «ስትመለስ ታገኘዋለች።»

መኪናው ሲመጣ የሚሸከማት ወንድ ፖሊስ ገብቶ ነበር። እናቷ «በእግሯ ትሄዳለች» አለችው። ሰውየው እጁን ሰበሰበ። ልጅቷ በሩ ላይ ዞረችና ጠየቀች፤ እናቷን ይሁን እኔን አላወቅኩም።

«ሌላ ፎቅ ልፈልግ ነው?»

በእግሯ ወጣች። እናቷ የልጅቷ የጫማ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ቆማ ነበር፤ ከዚያም ቁጭ አለችና የተራረፈውን ጸጉር ከማበጠሪያው ለቀመች።

እሷን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷት፣ እኔን «ይሂዱ» አሉኝ። ለምን እንደያዙኝ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም። እናቲቱን ፈልጌ አጣሁ። የማሳደጊያ በሮችን አንኳኩቼ አውቃለሁ። «ምኗ ነዎት?» ይሉኛል። ቲቸሯ ነኝ አልል ነገር። ስሟን እስከ አያቷ አገር እነግራቸዋለሁ፤ አናውቅም ይሉኛል፣ በትሕትና ነው የሚሉኝ።

እግሬ ዛሬም ቤት አይወድም፤ ግን እንደ በፊቱ ሰው ቤት አልገባም፣ አስጠረጥራቸዋለሁ ብዬ እፈራለሁ። የሚያውቁኝም «ይግቡ» የሚሉኝ እያነሱ ነው። በታሰርኩበት ጊቢ በኩል አልፋለሁ። ፎቁ አልቆ መስታወት ለብሷል፤ የምትቀመጥበት ጠርዝ የለም። ጭልፊቷን ካየኋት ቆየሁ።

ኬጂ ሲለቀቅ አጥር ሥር ቆሜ ልጆች አያለሁ። ሲስቁ ነው የማያቸው፣ አፋቸውን። ያች ጥርስ ይሄኔ በቅላለች። ልጅቷን የሚያውቅ ሰው ስትበቅል አይቶላት እንደሆነ አላውቅም።