የታጠቡት እንቁላሎች

ጎረቤት ሁሉ «ጭምቷ» የሚላት የልብስ ሰፊው ሚስት፣ በዶሮ እርባታው ስልጠና ላይ አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም። የዚያን ዕለት ግን አሰልጣኟ «የሚታቀፍ እንቁላል አይታጠብም፤ ከቆሻሻ የሚጠብቀው ስስ ልባስ አብሮ ይሄዳል» ስትል ክው አለች። እሷ ለንጽህና ብላ አንድ በአንድ አጥባ ነበር ያሳቀፈችው። የፊተኞቹን ዶሮዎች በሽታ ፈጅቶባት የቀረቻት ያቺው ታቃፊ ብቻ ናት። ይህም ካልተፈለፈለ እርባታው ቀረ ማለት ነው።

እየተንተባተበች ጉዷን ነገረቻት። አሰልጣኟም ቤቷ ድረስ መጣች።

«ሽቶስ አልቀባሽውም?» አለ ባሏ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ።

«አንተ ደግሞ፣ ሰው ፊት እንኳ እረፍ እስቲ።»

ጓዳውን ዘግተው መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረዱት። አሰልጣኟ ጫጩት መያዙን ለማየት አንዱን እንቁላል ከዶሮዋ ሥር አውጥታ በስልኳ መብራት ላይ ያዘችው። ጥርት ያለ ባዶ ነበር። ሁለተኛውም እንደዚያው። ጭምቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«እትዬ፣ ይሄኛውን ይዩት» አለች አሰልጣኟ።

እንቁላሉ ፍም መስሏል። ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ቀይ ክር ተዘርግቶ፣ መሐሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ትር ትር ትላለች።

«ምንድን ናት?»

«ልቡ ናት።»

ባሏ በሩን ገፋ አድርጎ ገብቶ ኖሯል። ቀልዱ ሁሉ ጠፋበትና ጎንበስ ብሎ «ይሄን ማን ሰፋው?» አለ በሹክሹክታ።

ጭምቷ እንቁላሉን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ ዶሮዋ ሥር መለሰችው።

«የቀሩትን እኔ ልያቸው» አለች።