የኔታ የዘለሏቸው መስመሮች

አባቴ ሠዓሊ ነበር። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሳንን ይሥል ነበር፤ በኋላ የሰው መልክ መሣል ያዘ። መተማ የገባው የጣሊያን ሹም ይህን ሰምቶ "መልኬን ሣልልኝ" ብሎ ቢልክበት "እጄን አሞኛል" አለና በማግሥቱ ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባ።

ከዚያ የሚጽፋቸውን ደብዳቤዎች የሚያመጣልን ጎረቤታችን የሆነ ሙስሊም የሰሊጥ ነጋዴ ነው። ፍተሻ ስላለ ወረቀቱን ጥምጥሙ ውስጥ ሸሽጎ ያሳልፈዋል። እናቴ ማንበብ አትችልም። እኔን ልጇን አስከትላ ፊደል ወደሚያስቆጥሩት መነኩሴ፣ ወደ የኔታ ትሮጣለች። የኔታ ወረቀቱን አገላብጠው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

"ደኅና ነኝ ይላል። ልጂቱን አደራ ይላል።"

"ይህ ሁሉ ጽሑፍ ይህን ብቻ ነው የሚለው?"

"ሰላምታው ይበዛል፣ ልጄ።"

አራተኛው ደብዳቤም እንዲሁ ሲሆን እናቴ እጄን ይዛ ፊታቸው አቆመችኝ።

"ፊደል ያስቆጥሩልኝ።"

"ሴት ልጅ?"

"እኔ ዓይን የለኝም፣ የኔታ። ዓይን ይስጡኝ።"

የኔታ መሬት መሬት አዩና "ነገ ትምጣ" አሉ። በማግሥቱ ከወንዶቹ ኋላ ተቀመጥሁ። ሳቁብኝ። እኔም እልህ ይዞኝ ማሽላ ስጠብቅም፣ ውኃ ስቀዳም ፊደሌን እለው ነበር። በዓመቱ ዳዊት ደገምሁ።

ቀጥሎ የመጣውን ደብዳቤ እናቴ ለኔ ሰጠችኝ። እየተንተባተብሁ አነበብሁት፦

"የአንድ ግሪክ ነጋዴ ሚስት መልክ ስሥል ዓይኗ ያንቺ ሆኖ አረፈው። አጥፍቼ ብሠራውም ያንቺው ሆነ። ባሏ 'ይህች ማን ናት?' ቢለኝ 'የመተማዋ' አልሁት።"

እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። አባቴ ከሄደ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

"እስቲ ድገሚልኝ።"

ደገምሁላት። ከዚያ የቀድሞዎቹን ከሣጥኗ አውጥታ ዘረገፈቻቸው። ሁሉም እንዲሁ ነበሩ፤ ናፍቆት፣ ቀልድ፣ ማቆላመጥ። እሷም ይዛቸው የኔታ ዘንድ ሄደች።

"መነኩሴ ነኝ እኮ!" አሉ የኔታ። "በምን አፌ ላንብበው?"

እናቴ እየሳቀች ጉልበታቸውን ሳመች። ማታውኑ መልስ አስጻፈችኝ።

"'ዓይኔን ለሰው ሚስት አይስጡብኝ' በይ።"

"እንዲህ ይጻፋል?"

"ጻፊ አልሁሽ!"

ከዚያ በኋላ ደብዳቤው በሁለቱም በኩል ሄደ፤ መጣ። እንግሊዝና ጣሊያን ሲዋጉ ግን ድንበሩ ተዘጋ፤ እኛም ከመተማ ወጥተን ወደ ኮኪት ሸሸን። ወራት ያለ ወሬ አለፉ። አንድ የገበያ ቀን ነጋዴው ጥምጥሙን እየፈታ መጣ። እናቴ "እዚሁ፣ ሰው ሁሉ ይስማ" አለችኝ። ድንጋይ ላይ ቆሜ፣ ሳልንተባተብ አነበብሁ፦

"ጣሊያን መተማን ለቋል። ይህ በደረሰ በሦስተኛው ቀን እደርሳለሁ።"

ገበያው በእልልታ ተናወጠ። የማላውቃቸው ሴቶች ሳይቀሩ ሳሙኝ። አንዲቱ ልጇን ወደኔ እየገፋች "ይህችንም አስተምሪልኝ" አለች።

አባቴ እንዳለው በሦስተኛው ቀን፣ ጠጉሩ ሸብቶ፣ አቧራ ለብሶ ደረሰ። እናቴ መንገድ ድረስ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ በትከሻዋ አሻግሮ እኔን አየኝ።

"ያን ሁሉ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ!" አልሁ፣ መንደሩ እስኪሰማ።