ስለ ከድጃ እናት ማሳ ያልመሰከርኩት

ይህን ከሁለት ሰው በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእነሱም የነገርኳቸው ገና ባለፈው ወር ነው። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለፓስተሬ አልነገርኩትም። ለጌታ እንኳ የነገርኩት በጅምላ ነው፤ «ያለፈውን ሁሉ ይቅር በለኝ» እያልኩ። በዝርዝር መናገር ያስፈራላ! በጅምላ ሲሆን እኔም ደንገጥ አልልም፤ «አሜን» ብዬ እነሳለሁ፣ ቁርሴን እበላለሁ። አሁን ግን እናንተ ቁጭ በሉና ስሙኝ፤ እኔ እንደሆንኩ መቀመጥ አልቻልኩም።

የሚገርመው ደግሞ ዝምተኛ ሰው አለመሆኔ ነው። አሰላ ውስጥ የኃጢአቱን ታሪክ እንደ እኔ በየመድረኩ የተናገረ ያለ አይመስለኝም። ጢቾ ጠርተውኝ መስክሬአለሁ፣ ጎበሳ ጠርተውኝ መስክሬአለሁ። ማይክ ስይዝ ሰዉ ገና ሳልጀምር ፈገግ ይላል። አረቄውን እናገራለሁ፤ ጫቱን እናገራለሁ፤ ሰክሬ የራሴ ቤት መስሎኝ የሰው ግቢ ገብቼ ከውሻቸው ጋር የተጣላሁትን እናገራለሁ። ይስቃሉ። ከዚያ ጉበቴ ታሞ ሆስፒታል መተኛቴን፣ አንዲት የማላውቃት እህት አልጋዬ ሥር ተንበርክካ እንደጸለየችልኝ፣ ጌታን እንዳገኘሁ እናገራለሁ። ያለቅሳሉ። ሁሉም እውነት ነው፤ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም። ግን አንዷን ቀን ሁልጊዜ ዘልዬ አልፋታለሁ። ለምን መሰላችሁ? ስካር ሲወራ ያስቃል። እሷ ቀን አታስቅም።

ነገሩ ዲክሲስ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ያኔ የኮምባይነር ኦፕሬተር ነበርኩ። በአጨዳ ጊዜ በእኛ ደጋ ኦፕሬተር ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ ልንገረው፦ ንጉሥ ነው። ስንዴው ደርሷል፣ ገበሬው ሰማይ ሰማዩን እያየ ተራውን ይጠብቃል፣ አንተ ማሽኑ ላይ ሆነህ «ነገ ላንተ፣ ከነገ ወዲያ ላንተ» ትላለህ። እኔም በዚያ ልክ ልቤ አብጦ ነበር።

የከድጃ እናት ባላቸው የሞቱባቸው ሙስሊም ሴት ናቸው። የራሳቸው ስም ሌላ ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚጠራቸው ግን በልጃቸው ስም ነው። ማሳቸው ትንሽ፣ ተዳፋት፣ ድንጋይ የበዛባት ናት። ኦፕሬተር እንዲህ ያለ ማሳ ይጠላል፤ ማሽኑም ይንገላታል፣ ሰውም ይንገላታል። ቢሆንም ተራው የእሳቸው ነበር። «ነገ ጠዋት እገባልዎታለሁ» ብዬ ቃል ሰጠሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከኮረብታው ወዲያ ሰፊ እርሻ ያለው ሰውዬ ላከብኝ። በግ አርዷል። ማሳው እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ነው። ልቤ ወዲያው ወደዚያ ሄደ። አያችሁ፣ ጉቦ አይደለም፣ ማስፈራሪያ አይደለም፤ ጥብስ ነው፣ ስንፍና ነው። ለእሳቸው ደግሞ «ተራዎን ለሌላ ሰጠሁት» ማለት አፈርኩ። በማጭበርበሩ አላፈርኩም፤ በመናገሩ ነው ያፈርኩት። ስለዚህ በእግሬ ቤታቸው ድረስ ወርጄ ዋሸሁ። «ቺንጋው ተበጠሰ» አልኩ። ማሽኑን የሚያዞረው ቀበቶ ማለት ነው። «ከአሰላ እስኪመጣ ሦስት ቀን ይፈጃል።»

ቢቆጡኝ ምናለ! ቢሰድቡኝ ምናለ! «ውይ ልጄ፣ እንግዲያው ስትለፋ ነው ያደርከው» አሉና አስገቡኝ። ጩኮ አቀረቡልኝ፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ፣ ለክቡር እንግዳ የሚቀርበውን። እኔ እየበላሁ እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ለማሽኔ ዱዓ አደረጉ። ከኮረብታው ወዲያ ደህና ቆሞ ለሚጠብቀኝ ማሽን! እኔም አፌን ሞልቼ «አሚን» አልኩ።

ከድጃ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ነበር። ስንዴው ሲሸጥ አሰላ ወርዳ ነርስነት ልትማር ነበር። በሩ ላይ ቆማ ስትሰማን ቆየችና «እማ፣ ሰማዩን አታዪውም እንዴ? ደቦ እንጥራና በእጅ እንጨደው» አለች።

«ቃል ሰጥቶኛል እኮ፤ ሦስት ቀን ነው ያለው» አሉ እናቷ። «ሰዉ ሁሉ በራሱ ሥራ ተይዟል፤ ማንን አስቸግራለሁ?»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «እውነት በሦስት ቀን ይደርሳል?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቁሙልኝ። ውሸት የሚሉትን ዕድሜዬን ሙሉ አውቀዋለሁ፤ ስለ ቺንጋው መዋሸቴ ቢያሳፍረኝም ከልማዴ አይወጣም። ያቺ ራስ መነቅነቅ ናት የምትገድለኝ። «ልጅዎ ያለችው ይሻላል፣ በእጅ እጨዱት» ብል ምን ይጎድልብኝ ነበር? ውሸቴ አይጋለጥ፣ በጉ አይቀርብኝ! ስንዴያቸው ይተርፍ ነበር፣ እኔም ጥብሴን እበላ ነበር። ግን ሰማዩን አየሁ፣ ልጅቷን አየሁ፣ እናትየዋን አየሁ፣ ራሴን ነቀነቅሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው? እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያደረግሁት።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጀመረ። አምስት ቀን ሙሉ አላባራም። ማሽን ጭቃ ውስጥ አይገባምና እስኪደርቅ ሌላ ሳምንት ሄደ። ስደርስ ስንዴው ተኝቷል፤ ፍሬው እዚያው ዛላው ላይ እንዳለ በቅሏል፣ አረንጓዴ ጢም አውጥቷል። ከብት ካልበላው በቀር ለማንም አይሆንም። እኔም ያልተበጠሰውን ቺንጋ «ዘገየብኝ» አልኳቸው። እሳቸው ያጽናኑኝ ጀመር፤ «የአላህ ሥራ ነው፣ አንተ ምን ታደርግ» እያሉ። ከድጃ እኔን ዞር ብላም አላየችኝ። የምታየው እናቷን ነበር።

ትምህርቱ ቀረና ከድጃ በዓመቱ ለቤት ሠራተኛነት ቤይሩት ሄደች።

ከዚህ በኋላ ያለውን ጉበቴን፣ ሆስፒታሉን፣ ጸሎቱን ታውቁታላችሁ፤ መድረክ ላይ የምናገረው እሱን ነው። ዳንኩ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ አረቄው ቀረ፣ ጫቱ ቀረ፣ ሚስቴ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ጌታ ነክቶኛል። ታዲያ የዳነው ሰውዬ ምን አደረገ መሰላችሁ? አንድ ቀን አሰላ ገበያ፣ መጽሐፍ ቅዱሴን በብብቴ እንደያዝኩ፣ የከድጃን እናት አገኘኋቸው። ደስ አላቸው፤ እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። ስለ ልጃቸው ስጠይቅ ፊታቸው ተለወጠ።

«ስልኬን አታነሳም» አሉኝ። «‹ከልጅሽ ይልቅ የባዳ ቃል አመንሽ፤ እዚህ የጣልሽኝ አንቺ ነሽ› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም። ደህንነቷን ከእህቴ ነው የምሰማው።»

ያ ባዳ እኔ ነኝ። እጃቸውን የያዝኩት ሰው ነኝ። አፌን ብከፍት እናትና ልጅ ይታረቁ ነበር። ምን አልኩ? «እጸልይልዎታለሁ» አልኩ። እጸልይልዎታለሁ! ሰካራም ሆኜ ስዋሽ ቢያንስ እግዚአብሔርን ምስክር አልጠራሁም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕረፍት የለኝም። አምልኮ ላይ ቁጭ ማለት አልችልም። ስብከት ሳያልቅ ወጥቼ ግቢ ውስጥ እዞራለሁ። «ምን ነካህ፣ ጉንዳን ገባብህ እንዴ?» ትለኛለች ሚስቴ። «በደሙ ታጥቦልኛል፣ የታጠበ ነገር አይቆፈርም» እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። ቃሉ እውነት ነው፤ እኔ ግን መሸሸጊያ ነበር ያደረግሁት። የበደልኳቸው ሴትዮ ሳይሰሙ፣ እኔ ይቅር ተብዬ ሦስት ዓመት ዘመርኩ።

ባለፈው ወር ቤተ ክርስቲያናችን ከሽማግሌዎቿ አንዱ እንድሆን መረጠችኝ። እንደ ደንቡ ፓስተሩ ስሜን አነበበና «በወንድም ግርማ ላይ ተቃውሞ ያለው በሁለት ሳምንት ውስጥ ያቅርብ» አለ። ሰዉ ዞር ዞር እያለ ፈገግ አለልኝ። ማን ይቃወመዋል፣ ሁሉን የተናገረ ሰው! እኔ ብቻ ላብ አጠመቀኝ። ተቃውሞ ያላቸው አንዲት ሴት ዲክሲስ ተቀምጠዋል። እዚህ አዳራሽ አይገቡም፤ ቢገቡም የሚሉት የላቸውም፣ ምክንያቱም መበደላቸውን አያውቁም፤ የደበቅኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንቱ ቢያልፍ፣ ሰዉ ቢያጨበጭብ፣ እጃቸውን ጭነው ቢጸልዩልኝ፣ ከዚያ ወዲያ መቼም እንደማልናገረው አውቅ ነበር። ሰኞ ጠዋት ለፓስተሩ ደውዬ «ስሜን ሰርዘው» አልኩት። «ምን ሆነህ ነው?» ሲለኝ ዘጋሁበትና የዲክሲስ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ጓሮ ድንች ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። «ውይ ኦፕሬተር! ግባ እንጂ፣ ግባ!» አሉ። አልገባሁም፤ ከገባሁ ያበሉኛል፣ ካበሉኝ አልናገርም። ራሴን አውቀዋለሁ። ቆሜ እዚያው ድንቹ መካከል አወጣሁት፦ ቺንጋው አልተበጠሰም ነበር። ማሽኑ ደህና ነበር። ከኮረብታው ወዲያ በግ ልበላ ነው የሄድኩት።

መኮትኮቻውን ጣሉት። አላለቀሱም፣ አልጮሁም። «ከድጃ ስትጠይቅህስ?» አሉኝ።

«ያኔም አውቅ ነበር።»

«ራስህን ነቀነቅህላት።»

«አዎ።»

ያቺን ራስ መነቅነቅ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሳቸውም አልረሷትም። «ይቅር ይበሉኝ» ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱብኝ። «ዝም በል! ስልክህን አውጣ። የእኔን ቁጥር ስታይ አታነሳም፤ ያንተን አታውቀውም።» ቁጥሩን በቃላቸው አሉልኝ፤ በአንድም ቁጥር አልተደናቀፉም።

ደወልኩ። «ሄሎ፣ ማን ልበል?» አለች። ድምጿ የትልቅ ሴት ድምፅ ሆኗል። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፤ ያደረግሁትን ሳላሳምር ነገርኳት። የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ» አልኩ።

«በእጅ እንጨደው ስል ሰምተኸኝ ነበር?»

«ሰምቼሻለሁ።»

«እናቴ እዚያ አለች?» አለች። «አጠገቤ ናቸው።» «ስጣት።»

ስልኩን ሰጠኋቸው። «ከድጃ?» አሉ። ሁለቱም ሲያለቅሱ ይሰማኛል። ገና «ልጄ፣ ልጄ» ማለት ሲጀምሩ ስልኩ ተቋረጠ፤ ሒሳብ አለቀ። እኔም እንደ ጅል «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ፤ ከዚያ ሁሉ ሰዓት መርጬ!

እንባቸውን በሻሻቸው ጠርገው ተቆጡኝ። «ይቅርታውን ኋላ እናየዋለን። አሁን ሩጥ፣ ካርድ አምጣ!»

ሮጥኩ። ሆዴን ይዤ፣ እያለከለክሁ፣ በዚያ ተዳፋት እስከ መንገዱ ሱቅ ድረስ ሮጥኩ። ካርዱን ይዤ ስመለስ ጓሮ የሉም። ቤቱ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ከድጃ ራሷ መልሳ ደውላለች። በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት፤ አንዴ ያለቅሳሉ፣ አንዴ ስለ አንዲት ላም ይስቃሉ። በሩ ገርበብ ብሏል። ካርዱን ይዤ ደጅ ቆምኩ። ግባ ያለኝ የለም፤ እኔም አልገባሁም።

ይኸው ወር አለፈ። እናትና ልጅ ይደዋወላሉ፤ ያንን አውቃለሁ። ለእኔ ይቅርታው አልተነሳም፤ እኔም ዳግመኛ አላነሳሁትም፣ ሲሆንላቸው እሳቸው ያንሱት። ከድጃ ያለፉባትን ዓመታት የሚመልስላት የለም፤ ነርስ አልሆነችም፣ አትሆንም፣ ያንን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ድኛለሁ ወይ? ጌታ ኃጢአቴን እንደተሸከመልኝ አምናለሁ። እውነቱን ዲክሲስ ድረስ ይዞ መሄድ ግን የእኔ እግር ሥራ ነበር፤ እግሬ ዓመታት ዘገየ። እሑድ ይህንን ወረቀት በጉባኤው ፊት አነባለሁ። ስጨርስ ማንም አሜን እንዳይለኝ። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።