አሲድ የበላው አሻራ

የላቦራቶሪዋ ሴትዮ የጣቶቿ ጫፍ ቢጫ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ከጸጉር እጅግ የቀጠኑ የካርቦን ቱቦዎች የሚባለውን ጥቁር ዱቄት በአሲድ ስትቀቅል ኖራለች። ጓንት አትወድም፤ "ብልቃጡ ከእጄ ያመልጠኛል" ባይ ናት። ጥሬው ዱቄት ውሃ የማያርሰው ግትር ነው፤ አሲዱ ገላውን ሲልጠው ግን ኤሌክትሪክ ሲለቁበት ተሻምቶ ይቀበላል፣ የኤሌክትሪክ መለኪያው መስመርም ሽቅብ ይወጣል። አለቆቿ ያጨበጭባሉ።

"ሳይላጥ ሰው አይሆንም" ትላለች እሷ፣ ብልቃጧን እያጠበች።

ጠዋት ጠዋት በር ላይ ያለው የአሻራ ማሽን አላውቅሽም ብሎ ይጮኽባታል።

"እትዬ፣ ዛሬም እምቢ አለዎት" ይላል ዘበኛው።

"ምን ያንብብ ልጄ፣ ጣቴ ተልጦ አልቆ!"

የእንግዶች መዝገብ ላይ ስሟን ትሞላለች። "ሊጠይቁት የመጡት ሰው ስም" በሚለው ቦታም ያንኑ የራሷን ስም ትደግመዋለች፤ አንብቦ የጠየቃት እስካሁን የለም።